«ከጀርባው ሰው አለ» ማለትና ለሕዝብ መልስ መስጠት

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ታቦርን፣ ጋሳይንና ክምር ድንጋይን ካለፈ በኋላ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከተማዪቱ በ3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ስሟን ያለ ምክንያት እንዳላገኘችው፣ ከመኪና ወርዶ ጋቢውን የሚያጠብቅ ሰው ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል። በዚያ የሚነፍሰው ግን ነፋስ ብቻ አይደለም። ከታች ጋይንት የወጣው ገበያተኛ፣ ከወልዲያ በኩል የመጣው ሾፌር፣ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የተመለሰው ተማሪ፣ እያንዳንዱ የሰማውን ይዞ ይገባል፤ ሌላው ያወራውን ጨምሮ ይወጣል። በዚህ ረገድ ንፋስ መውጫ ከሌሎቹ የአገራችን ከተሞች የተለየች አይደለችም።

ወሬ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አባቶቻችን «ምን ወሬ አለ?» ብለው መንገደኛን ሲጠይቁ ዛሬ ጋዜጣና ሬዲዮ የሚሰጡንን አገልግሎት መፈለጋቸው ነበር። ነገሩ የሚበላሸው አንድ ባንክ፣ አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ኩባንያ በሕዝብ ፊት የሚያስጠይቅ ነገር በደረሰበት ጊዜ፣ ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ሳይጠይቅ «ከጀርባው ማን አለ?» ብሎ የጀመረ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ምርመራ ይወስዳል። ሁለተኛው ግን መልሱን አስቀድሞ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ይህ ልማድ ያልተማረ ሰው ልማድ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን እንደዚያ አይመስለንም። ኩባንያዎችና ባለሥልጣኖች ራሳቸው፣ መልስ መስጠት ባስቸገራቸው ጊዜ፣ ሕዝቡን በሚነቅፉበት በዚያው አስተሳሰብ ሲጠቀሙ ታይተዋል። ስለዚህ ዛሬ ተማሪ ለሆናችሁና ነገ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ መልስ ለምትሰጡ፣ አሁንም በሥራ ላይ ለምትገኙ ወጣቶች፣ ነገሩን በምሳሌ እየተከታተልን መመልከት ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

የባንኩ ሌሊት

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ጉድለት ደረሰ። ጉድለቱ በቆየባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ወደ ሌላ ባንክ ማስተላለፍ ቻሉ። ነገሩ ከሁሉ አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ስለ ተሰማ፣ በየግቢው ባሉ የኤቲኤም መኪናዎች ፊት በእኩለ ሌሊት ረዥም ሰልፍ ተሰለፈ። ባንኩ ነገሩን እንደ ተረዳ አገልግሎቱን አቋረጠ።

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ስለዚህ ነገር ብቻ ያወራ ነበር። ባንኩ በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተጠቃ የሚለው ወሬ በብዙ ቦታ ተሰማ። ባንኩ ጥቃት እንዳልደረሰበትና የደንበኞች ሒሳብ እንዳልተነካ አስታወቀ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም እሑድ ዕለት ባወጣው መግለጫ፣ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ ሳሉ መሆኑን ገለጸ። የባንኩ ፕሬዚዳንት ለጋዜጠኞች ማብራሪያ የሰጡት ደግሞ ሰኞ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ድንቹንና ገብሱን ሸጦ ያገኘውን ብር በባንኩ ያስቀመጠ አንድ የላይ ጋይንት ገበሬ፣ ቅዳሜ ጧት ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው? ዘራፊዎች መኖር አለመኖራቸውን ብቻ አይደለም። «የእኔ ገንዘብ አለ ወይ? የጎደለው ስንት ነው? የጎደለውንስ ማን ይከፍላል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በእነዚያ ወራት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ ይህ ሰው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በቀር የሰማውን የሚያጣራበት መንገድ ጠባብ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከባንኩ የሚወጣ እያንዳንዱ ቃል ከወትሮው ይልቅ ይከብዳል፤ ያልተነገረውም ነገር እንዲሁ።

ስለ ጠፋው ገንዘብ መጀመሪያ በልዩ ልዩ የዜና ማሰራጫ የተነገረው ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ ነው የሚል ነበር። ባንኩ ቈይቶ ያስታወቀው ግን ወደ 801 ሚሊዮን ብር የሚሆን ነው። ከዚህም ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሷል። አልመለሱም የተባሉትን ከ500 በላይ ሰዎች ስም ባንኩ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። እንግዲህ በመጀመሪያው ቁጥርና በኋለኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ቢሊዮን ብር ይበልጣል። ይህን ልዩነት የፈጠረው አንድ ክፉ ሰው ነው ለማለት ማስረጃ የለም። የቁጥሩ ባለቤት የሆነው ቁጥሩን እስኪናገር ድረስ፣ ሌላው ሰው ባዶውን ቦታ በግምት ሞላው ብንል ለእውነቱ የቀረበ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው የሚከተለውን ነው። «ጥቃት አልደረሰብንም» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ፣ ብቻውን መልስ አልሆነም። ሤራ አለ ማለት ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሤራ የለም ማለትም ማብራሪያ አይደለም። ሕዝብ «ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሙሉ መልስ ባይኖር እንኳ የታወቀውን ያህል ከነቁጥሩ፣ ያልታወቀውንም «ገና ነው» ብሎ መንገር ይገባል።

ሰው ለምን ይጠረጥራል?

ጥርጣሬ ከባዶ አይበቅልም። የጋይንት ሰው ከወሎ ጋር ጎረቤት ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ላይ የወረደውን ረኃብ የዘመኑ መንግሥት እንዴት አድርጎ ሸፍኖት እንደ ነበረ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ነገር ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተደበቀበት ሕዝብ፣ ሁለተኛ ጊዜ «የተደበቀ ነገር አለ» ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ ወጣቱ ባለሥልጣን የጠረጠረውን ሰው ሁሉ «ወሬኛ» ብሎ ከመገሠጹ በፊት፣ ጥርጣሬው ከምን ትምህርት እንደ መጣ ማሰብ አለበት።

ይሁን እንጂ መጠርጠርና በሤራ ማመን አንድ አይደሉም። የጠረጠረ ሰው ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ሐሳቡን ይለውጣል። በሤራ አስተሳሰብ የተያዘ ሰው ግን ሦስት ምልክቶች ይታዩበታል።

አንደኛው፣ የጉዳቱን ትልቅነት አይቶ ምክንያቱም በዚያው መጠን ትልቅና የታሰበበት መሆን አለበት ብሎ መገመት ነው። ብዙ ሚሊዮን ብር በአንድ ሌሊት የሚጠፋው በአንድ የፍተሻ ስሕተት ነው ቢባል ለልቡ አይዋጥለትም። የዘመኑ መሣሪያ ግን አንዲት ትንሽ ጉድለት እጅግ ብዙ ጥፋት እንድታደርስ ያስችላል።

ሁለተኛው፣ ዝምታን እንደ ምስክር መቁጠር ነው። «ዝም ያሉት የሚደብቁት ስላለ ነው» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዝምታው የሚመጣው የታችኛው ሹም የላይኛውን ፈቃድ ሲጠብቅ፣ የላይኛውም የበላዩን ሲጠብቅ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ ማስተባበያውንም ማስረጃ ማድረግ ነው። ዝም ቢሉ «ደበቁ»፣ ቢናገሩ «ባይሆን ኖሮ ለምን ያስተባብላሉ?» ይባላል። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በሁለቱም በኩል የሚያሸንፍ ስለሆነ ስሕተቱ የሚታረምበት በር የለውም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው የአገራችን ተረት የሚስማማው ለዚህ ነው።

የጤፍ ነገር

ይህ አስተሳሰብ ዋና ጉዳቱ ምን እንደሆነ ለማየት የጤፍን ነገር እንውሰድ። «ሆላንዶች ጤፋችንን ሰረቁን» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ የሚገኝ አይመስለንም። በዚህ ቃል ውስጥ እውነት አለ፤ እውነቱ ግን ወሬው ከሚለው ይለያል።

በ1997 ዓ.ም. የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት፣ ኤች ፒ ኤፍ አይ በሚል አጭር ስም ከሚጠራ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የኢትዮጵያን የጤፍ ዘር ተጠቅሞ ምርት ሊያወጣና ከትርፉ ለአገራችን ሊያካፍል ነበር። ነገር ግን ውሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወይም ፓተንት እንዲሰጠው አመልክቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት መብቱን ሰጠው። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ፤ ፓተንቱም ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተላለፈ። ኢትዮጵያ በገንዘብ በኩል ያገኘችው 4,000 ዩሮ ብቻ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻም ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በሁለት የውጭ ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር፣ ፓተንቱ እንደ ፈጠራ ሊቆጠር የሚችል ነገር የለበትም ብሎ በሆላንድ አገር ውድቅ አደረገው።

አሁን ወሬውን ከነገሩ ጋር እናስተያይ። ፓተንቱ የሚሠራው በተወሰኑ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ እንጂ በኢትዮጵያ ምድር አልነበረም። የስማዳን ወይም የእስቴን ገበሬ ጤፉን እንዳይዘራ፣ ባለቤቱንም እንጀራ እንዳትጋግር የከለከለ አልነበረም። በሌላ በኩል ግን አገራችን እንደ ተጎዳች ጥርጥር የለውም። የጎዳትም በጨለማ የተሠራ ነገር ብቻ አይደለም፤ የጉዳቱ ትልቁ ክፍል ፊርማ ባረፈበት ወረቀትና በሕግ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

«ሰረቁን» ብሎ ማለፍ የሚያስቀረው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ኩባንያው ከውሉ በፊት ያቀረበውን የፓተንት ማመልከቻ ከእኛ በኩል የተከታተለው ማን ነበር? ከትርፍ የሚገባን ድርሻ በየዓመቱ መምጣቱን የሚቆጣጠር ሰው ተመድቦ ነበር ወይ? ኩባንያው ሲከስር መብታችን ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች እንደ ስርቆት ወሬ ልብ የሚያሞቁ አይደሉም። ነገር ግን ነገ በሚፈረመው ሌላ ውል ላይ የሚጠቅሙን እነዚህ ብቻ ናቸው።

የሤራ አስተሳሰብ ዋና ጉዳት እዚህ ላይ ይገለጣል። ስውር እጅ አይከሰስም። ስም የለውምና መጥሪያ አይደርሰውም፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም አይጠየቅም። ጥፋቱን ሁሉ በስውር እጅ ላይ ስናላክክ፣ ስምና ደመወዝ ያለው ኀላፊ ከተጠያቂነት ነፃ ይወጣል። በሌላ አነጋገር፣ ኀያላንን የሚያጋልጥ መስሎ የሚነገረው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ኀያላንን ነው።

ኩባንያም ስውር እጅ ይፈልጋል

ይህን ጥቅም ኩባንያዎች ራሳቸው ያውቁታል። ከአገራችን ውጭ ከተደረጉት አንዱን እንጥቀስ። ኅዳር 1977 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ፣ ዩኒየን ካርባይድ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የተያያዘ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛም ጋዝ አምልጦ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በሌሊት አለቁ። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት፣ አንድ ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ሆን ብሎ በጋዙ ማጠራቀሚያ ውስጥ ውኃ ጨምሯል የሚል ነበር። ሰዎች ስለ ፋብሪካው ጥገና ጉድለትና ስለማይሠሩት የደኅንነት መሣሪያዎች ሲጠይቁ፣ ኩባንያው ስለ አሻጥረኛ ይመልስ ነበር። በ1981 ዓ.ም. 470 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የሕንድ ፍርድ ቤት የሕንዱን ቅርንጫፍ የቀድሞ ኀላፊዎች በቸልተኝነት ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ። በአሻጥር የተፈረደበት ሠራተኛ ግን የለም።

የሌላውን አገር ብቻ ነቅፈን የራሳችንን እንዳንተው፣ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድም እንናገር። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሣው የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን ብዙ ሳይርቅ ሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰዎች አለቁ። የሊባኖስ መንግሥት መርማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥር 2004 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ዘገባ፣ የአደጋው ምክንያት የአውሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ በሚገባ አለመቆጣጠርና በአብራሪዎቹ መካከል የነበረው የሥራ ትብብር ጉድለት ነው አሉ። አየር መንገዱ ዘገባውን አልተቀበለውም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ፈንድቷል፤ ይኸውም በመመታት፣ በአሻጥር ወይም በመብረቅ ሊሆን ይችላል አለ።

አየር መንገዱ ዘገባውን የመቃወም መብት ነበረው። የሞቱትን አብራሪዎች ስም መጠበቁም የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን አነጋገሩን ልብ እንበል። መመታት፣ አሻጥርና መብረቅ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱ የሰው ጥፋት፣ አንዱ የተፈጥሮ። ሦስቱን በአንድ ላይ መደርደር «ሊሆን የሚችለውን» መቁጠር እንጂ «የሆነውን» ማስረዳት አይደለም። ለሐዘንተኛ ቤተሰብም የልቡን ጥያቄ የሚመልስለት አልነበረም።

ጥርጣሬው እውነት ሲሆን

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው አየር መንገድ በሌላው ወገን ቆሞ ተገኘ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 የተባለው ነበር። ከአምስት ወር በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

በዚያ ጊዜ በአሜሪካ አገር አንዳንድ ሰዎች፣ ከነዚያም ውስጥ የምክር ቤት አባል የሆኑ፣ ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ሥልጠና ላይ ቀሰሩ። በአገራችንም «ኩባንያው አንድ ነገር ደብቆናል» የሚለው ጥርጣሬ ተሰማ። ይህን ጥርጣሬ ከተራ ወሬ የለየው አያያዙ ነው። የአውሮፕላኑ የበረራ መመዝገቢያ ሣጥኖች ለንባብ ወደ ፓሪስ ተላኩ። አደጋው በደረሰ በ25 ቀን፣ መጋቢት 26 ቀን፣ የመጀመሪያው ዘገባ በአዲስ አበባ ይፋ ሆነ። በዚያው ዕለት የቦይንግ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ኤምካስ የተባለው መቆጣጠሪያ በሁለቱም አደጋዎች በተሳሳተ መረጃ ተነሥቶ እንደ ሠራ አመኑ።

ኤምካስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋ መሣሪያ ነው። ከአንድ መለኪያ ብቻ በሚመጣ ምልክት ይነሣ ነበር፤ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊትም ለአብራሪዎች በሚሰጠው መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጸም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የዩናይትድ ስቴትስ የፍትሕ ሚኒስቴር በቦይንግ ላይ ያቀረበው ክስ በይፋ ሲነገር፣ የክሱ ቃል ዩናይትድ ስቴትስን ለማታለል መዶለት የሚል ነበር። የኩባንያው ሁለት ባለሙያ አብራሪዎች ስለ ኤምካስ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት አሳስተዋል ተባለ። ኩባንያው የተባለው እውነት መሆኑን አምኖ፣ ክሱ እንዲታገድለት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በኋላም ክርክሩ በፍርድ ቤት ለዓመታት ቀጥሏል።

እንግዲህ ዱለት የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም የሚል ሰው ይህን ያንብብ። ዱለት አለ። የተገኘው ግን «እንዲህ ይመስለኛል» በማለት አይደለም፤ በሣጥኑ ምዝገባ፣ በኩባንያው የውስጥ ደብዳቤና በምስክር ቃል ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻውን ዘገባ ባወጣ ጊዜም ክርክር አልቀረም። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የኤምካስን ጥፋት ተቀብሎ፣ የአብራሪዎቹ አሠራር በሚገባ አልተመረመረም፤ መለኪያውንም ያበላሸው ከውጭ የመታው ነገር፣ ምናልባትም ወፍ ነው ብሎ ተቃወመ። ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ግን ወረቀታቸውን በአደባባይ ዘርግተው ነው። ሌላ ሰው አንብቦ ሊፈርድ ይችላል። በሐሜትና በምርመራ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ንፋስ መውጫ እንመለስ። ማዳበሪያ በጊዜው አልደረሰም እንበል። ገበሬው ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት መጥቶ አንዱን ወጣት ሠራተኛ ይጠይቃል። በገበያው ውስጥ «ነጋዴዎች ደብቀውት ነው፤ ከላይም ሰው አላቸው» ይባላል። ወጣቱ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ሦስት ዓይነት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው «የሚያወሩት ጠላቶች ናቸው» ብሎ መመለስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሕዝቡን ለማስደሰት ሲል ወሬውን ራሱ ማጽናት ነው። ሦስቱም ገበሬውን ያለ መልስ ይሰዱታል።

የሚገባው አነጋገር ግን ይህን የመሰለ ነው። «አባባ፣ እኛ ዘንድ የተመዘገበው ይህን ያህል ኩንታል ነው። የደረሰው ይህን ያህል ነው። የቀረው ለምን እንደ ዘገየ ገና አላወቅንም፤ የሚያጣራው የእገሌ ክፍል ነው። ሐሙስ ይምጡ፤ ባይታወቅ እንኳ እስከዚያ የደረስንበትን እነግርዎታለሁ።» በዚህ መልስ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። የታወቀው፣ ያልታወቀው፣ የሚያጣራው ክፍልና ቀጠሮው። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሠራተኛው በቦታው መገኘት አለበት። የመጀመሪያው ቀጠሮ የፈረሰ እንደሆነ ሁለተኛውን ቃል የሚያምን አይኖርም።

በእርግጥ እነጋገራለሁ ያለ ወጣት ሁሉ እንዲናገር አይፈቀድለትም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ያልተፈቀደለት የተናገረውን ይቀጣሉ እንጂ፣ መናገር ሲገባው ዝም ያለውን አይጠይቁም። ስለዚህ ሸክሙን በወጣቱ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አለቆች ማን፣ ስለ ምን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ አስቀድመው መወሰን አለባቸው። ባንክም ሆነ አየር መንገድ፣ ወረዳም ሆነ ፋብሪካ፣ የእሳት ማጥፊያውን የሚያዘጋጀው ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት ነው።

ተማሪዎችም የበኩላችሁ አለባችሁ። ለዕረፍት ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ስትመለሱ፣ ቤተ ሰቦቻችሁ ከሌላው ሰው ይልቅ የእናንተን ቃል ያምናሉ፤ «የተማረው ልጃችን ነገረን» ይላሉ። ይህ ክብር ዕዳ ነው። ስለ አንድ ኩባንያ ክፉ ነገር ስትሰሙ ለራሳችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ። ይህን የነገረኝ ሰው ራሱ አይቷል ወይስ ሰምቷል? ነገሩን የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ወረቀት የት ይገኛል? የማስበው ስሕተት መሆኑን የሚያሳምነኝ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ «ምንም» የሚል መልስ ያገኛችሁ እንደሆነ፣ የያዛችሁት እምነት እንጂ እውቀት አለመሆኑን እወቁ። የመጋቢት 6ቱን ሌሊትም አትርሱ። በዚያ ሌሊት በሰልፉ ላይ የቆመው ተማሪ «የባንኩ ገንዘብ ባለቤት የለውም» ብሎ ያሰበ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ምናልባት በንፋስ መውጫ ገበያ ድንች የሚሸጥ አባቱ ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን ስንል ለኩባንያዎች ጠበቃ መቆማችን አይደለም። ኩባንያ ያጠፋ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ደብቆም እንደሆነ ይገለጥ። ነገር ግን «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ የሚጠየቀው በስሙ፣ በቀኑና በወረቀቱ ይሁን። የጤፉ ውል የተፈረመው በብዕር ነው፤ የቦይንግም ነገር የተገለጠው በጽሑፍ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤታችሁ ውል ሲቀርብላችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፤ ሰው ሲጠይቃችሁም ያነበባችሁትን ንገሩት።